ገበያ ያልወጣው እግር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ እግር ነው። የአክስቴ እግር። አክስቴን ቤት ውስጥ «እታለም» ነበር የምንላት፤ እዚህም በዚሁ ልጥራት።

የዳንግላን ገበያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚወርደው ሰው መንገዱን ይሞላዋል፤ አህያው፣ ፈረሱ፣ የበርበሬው ጆንያ፣ ኑጉ፣ ማሩ፣ እግሯን ታስራ የተንጠለጠለች ዶሮ፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ነው። እታለም ግን ገበያ የምትወጣው ሰው ሲመለስ ነበር። ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ ነጋዴው ላስቲኩን ሲጠቀልል፣ እሷ ቅቤዋን ይዛ፣ ቀሚሷን እስከ መሬት ለቃ ከተፍ ትላለች። በዚያ ሰዓት የተገኘ ገዢ ደግሞ የሚገዛው በርካሽ ነው። ይህን አሳምራ ታውቃለች። «ብር ይጉደል እንጂ ዓይን አይብዛብኝ» ትለኝ ነበር።

ከቀሚሱ ሥር ያለው እግር ዝሆኔ የያዘው እግር ነው። ላላያችሁት ልንገራችሁ፤ ያያችሁትም ታግሣችሁ ስሙኝ። እብጠቱ ከጣቶቿ ይነሣና ጉልበቷ ሳይደርስ ይቆማል። ቆዳው ወፍሮ ደርቋል፣ ተሰነጣጥቋል። ጣቶቿ ላይ እንደ ድንጋይ ሽበት ያለ ሸካራ ነገር በቅሏል። ቀኙ ከግራው ይብሳል። ክረምት ሲሆን ስንጥቁ ያዥና ይሸታል፤ ሽታውን ከማንም በፊት የምትሰማው ራሷ ነች። ለዚህም ነው ቤት ስንገባ ሁልጊዜ ጭስ የሚቀበለን። ወይራ ታጨስ ነበር።

በወር አንዴም ሁለቴም ይነሣባታል። ብርድ ብርድ ይላታል፣ ከዚያ ትኩሳቱ፣ ከዚያ እግሯ እንደ ፍም ይግላል። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ያሻል። እሷ ግድግዳውን ይዛ ሦስት አራት ቀን ትተኛለች። በነዚያ ቀናት ላሟን የሚያልብላት ሰው የለም፤ ቅቤም የለም፤ ገበያም የለም።

አሁን ከእታለም ቤት አንድ ጊዜ ልውጣና ወደ ሌላ ገበያ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ኦመን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ 56 ገበያዎች እየተዞረ ያበጠ እግር እንዲቆጠር አደረገ። ብልህ ዘዴ ነበር፤ በዚያ ዘመን የሕዝብ ቆጠራ የለ፣ መንገድ የለ፣ ሰው ሁሉ በእግሩ ተጉዞ የሚገናኝበት ቦታ ገበያ ብቻ። ወደ 250,000 የሚጠጋ ገበያተኛ ታየ፤ ከመቶው 2.7 ያህሉ ያበጠ እግር ያለው ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በ1969 ታተመ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ደስ ከማለት ይልቅ ሆዴ ተላወሰ። ቆጣሪው ገበያው ሲሞላ ቆሞ ሳይሆን አይቀርም የቆጠረው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚመጡትን ማን ቆጠራቸው? ከቤት ጨርሶ የማይወጡትንስ? እኔ የማውቃት አንዲት ሴት እዚያ ቁጥር ውስጥ ልትገባ አትችልም ነበር፤ በሀገሩ ሁሉ ደግሞ እንደሷ ያሉ ስንት ነበሩ።

ይህን እግር ከልቡ ያየው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ብሪታኒያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ፕራይስ ኢትዮጵያ የመጣው ለሥጋ ደዌ ሥራ ነበር። ሕሙማኑ መሀል ግን የሥጋ ደዌ የሌለባቸው፣ እግራቸው ብቻ ያበጠ ገበሬዎች እያየ ተቸገረ። በዓለም የታወቀው ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፍ ትል የሚመጣው ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ሀገር ግን ደጋ ነው፣ ትሉም አልተገኘም። ፕራይስ ከበሽተኞች ጭን አካባቢ የተወሰዱ የሊምፍ እጢዎችን ሲመረምር ያገኘው ምን መሰላችሁ? አፈር። በዓይን የማይታይ የማዕድን ብናኝ። በባዶ እግር ስንጥቅና ቆዳ ሾልኮ ገብቶ፣ ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች አቁስሎና አጠባብቆ ይዘጋቸዋል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለበሽታው ስም አወጣለት፤ ፖዶኮኒዮሲስ፤ ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ቃላት።

አፈሩስ የትኛው አፈር ነው? እንጅባራ ሄዳችሁ ዘንገና ሐይቅን ካያችሁ መልሱን ቆማችሁበታል። ዘንገና እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት የቀረ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው ደን፣ መሐሉ ጸጥ ያለ ውሃ፣ ለዓይን እንዴት ያለ ውበት! ያ የጥንት እሳት የተፋው ድንጋይ በዘመናት ዝናብ ሲፈርስ የሚሆነው ቀይ አፈር ነው። በሽታው የሚገኘው ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ነው። ይኸው አፈር ነው ጤፉን የሚያበቅለው፣ የእንጅባራን ድንች የሚያሳብጠው፣ ቀርቀሃውን ወደ ሰማይ የሚመዘው። ዳንግላም እንጅባራም ያሉበት አዊ በፈረስ የሚያርስ ሀገር ነው፤ ፈረሱ ኮቴ አለው፣ ከኋላው ዕርፍ ጨብጦ የሚሄደው ሰው ግን ባዶ እግሩን ነው።

ስለ ፈረስ ካነሣሁ አይቀር፣ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እታለም አጥር ጥግ ቆማ ነበር የምታየው። ታናሽ ወንድሟ ይጋልብ ነበር። ፈረሱ ተሸልሞ፣ እሱ እግሩን እርካብ ውስጥ ከትቶ ሲያልፍ እሷ ፈረሱን ሳይሆን እርካቡን ታይ ነበር መሰለኝ። ልጅ ሳለሁ ያልገባኝ ይህ ነበር።

እናላችሁ፣ በሽታው ታውቋል፣ ምክንያቱ ታውቋል፤ ታዲያ ከፕራይስ በኋላ ዓለም የት ነበር? በትል የሚመጣው ዝሆኔ ክኒን አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 ታላላቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች ያንን ክኒን በነጻ ለመስጠት ቃል ገቡ፤ በ2000 ዓለም አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ፤ ዘመቻ ሲኖር ካርታ አለ፣ በጀት አለ፣ ስብሰባ አለ። የአፈሩ ዝሆኔ ክኒን የለውም። መድኃኒቱ ጫማ፣ ውሃ፣ ሳሙና ነው። ጫማና ውሃ የሚለግስ ኩባንያ ብዙም ስላልነበረ በሽታው ለብዙ ዓመታት ካርታ ላይ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉት የቆላ በሽታዎች ተርታ ስሙን ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ኢትዮጵያ በ2013 በብሔራዊ ዕቅዷ ውስጥ አስገባችው። በዚያው ዓመት የትሉን በሽታ ለማጥናት ቡድኖች ሀገሩን ሲዞሩ፣ ዶክተር ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ የአፈሩንም በሽታ አብረው ፈተሹ፤ 1,315 መንደሮች ታዩ። ከዚያ በተሠራው ስሌት 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂ ኢትዮጵያዊ በዚህ በሽታ ይኖራል፤ ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ደግሞ በሽታው ሊይዘው በሚችል መሬት ላይ ይኖራል። ልብ በሉ፤ ካርታው የተገኘው ክኒን ባለው በሽታ ጀርባ ታዝሎ ነው።

ዓለም ለምን አንዱን በሽታ አይቶ ሌላውን ይተዋል የሚለውን ጥያቄ ሥራዬ ብሎ የያዘ የዕውቀት ዘርፍ አለ። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ይባላል፤ በተለይም ሒሳዊ የሚባለው ክንፉ። ሜሪል ሲንገርን የመሰሉ ሰዎች የሚሉት ይህንን ነው፦ በሽታን በጀርሙና በሰውየው ልማድ ብቻ አትፈልገው፤ መሬቱ የማን ነው፣ ውሃው ማን ደጅ ይደርሳል፣ ገንዘቡን ማን ይመድባል ብለህ ጠይቅ። ፖል ፋርመር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ሄይቲ ውስጥ ከድሆች ጋር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከጓደኞቹ ጋር ፓርትነርስ ኢን ሄልዝን አቋቁሞ፣ በ2022 ሩዋንዳ ቡታሮ ውስጥ በሥራ ላይ እያለ እስኪያርፍ ድረስ ይህንኑ ሲናገር ኖረ። ዮሃን ጋልቱንግ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1969 «መዋቅራዊ ጥቃት» ያለውን ሐሳብ ፋርመር ወስዶ ሕክምና ውስጥ አስገባው፤ ዱላ የያዘ ሰው ሳይኖር የሚደርስ ጥቃት ማለት ነው።

እኔ ይህንን መጽሐፍ ላይ ከማንበቤ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ እታለምን ለምኜ፣ በቅሎ ለምኜ፣ አንድ ጤና ተቋም ወሰድኳት። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ባለሙያ ከጠረጴዛው ጀርባ አልተነሣም። እግሯን ከሩቅ አየና «እማማ፣ ንጽሕናዎን ለምን አይጠብቁም? ጫማስ ለምን አያደርጉም?» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። እታለም መሬት መሬት እያየች «እሺ ልጄ» አለች። ወጣን። በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ከዓመታት በኋላ ወላይታ ውስጥ በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት አነበብኩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር፤ ሲያክሙ እንዳይዛቸውም ይፈሩ ነበር። አይተላለፍም። ነክታችሁ፣ አጥባችሁ፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝታችሁ አይተላለፍም። ያን ዕለት ያ ሰው ከወንበሩ ያልተነሣበት ምክንያት ያኔ ገባኝ።

ለምን አትታጠቢም? እሺ፣ እንቁጠር። ምንጩ ከቤቷ ቁልቁል ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ ዳገት ነው የሚወጣው። ከዚያ ውሃ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ጥጃ ይጠጣል። እግር በቀን አንዴ በሳፋ ሙሉ ውሃ ይዘፈዘፍ ከተባለ ሌላ ጉዞ ያስፈልጋል። ልጆቿ ከቤት ሄደዋል። እግሯን ለመታጠብ በዚያው እግር ውሃ ትቀዳለች ማለት ነው። ጫማ ለምን አታደርጊም? ኮንጎ የተባለው ጫማ ላልታመመ እግር የተሠራ ነው። ከሁሉም በላይ ጫማ የሚያስፈልገው እግር ገበያ ውስጥ ልኩ የማይገኘው እግር ነው።

ደግሞ ሌላ አለ፤ ይህን ከእሷ ነው የሰማሁት። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወለቃል። ቅዱስ ቦታ ነውና። ለሁላችንም ትንሽ ነገር ነች፤ ጫማችንን ጥግ እናስቀምጣለን፣ እንገባለን። ለእታለም ግን ቀኑን ሙሉ የሸፈነችው የሚገለጥበት ደጃፍ ነው። ስለዚህ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆማ፣ ግንቡን ተደግፋ ታስቀድሳለች። ሰው «ትሕትናዋ!» ይላል። እሷ እንዲህ አለችኝ፦ «ከውስጥ ሆኜ ሰው እግሬን ሲያይ ከማይ፣ ከውጭ ሆኜ እሱ ልቤን ቢያይልኝ ይሻለኛል»። ጫማ አድርጉ የሚለው ትምህርት ይህን ደጃፍ አያውቀውም። ያላወቀው ሰውን ስላልጠየቀ ነው።

የልጇም ነገር አለ። አንዷ ልጇ ታጭታ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ ሳለ ከወዲያ በኩል «ዘር ነው ይባላል» የሚል ቃል መጣ። ቀረ። አሁን ጥንቃቄ የሚሻ ቦታ ላይ ደርሻለሁ። መንደሩ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ከወላይታ ሕሙማን ጋር ያደረጉት ጥናት ለበሽታው የሚያጋልጥ ዘረመል እንዳለ አሳይቷል። ጥናቱ ሊጀመር ሲል ግን ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ሕዝቡን አነጋግረው ነበር፤ ሰዉ የፈራው «ዘራቸው ነው» የሚለው ስድብ ማኅተም እንዳያገኝ ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነበር። እኔ የልጇን እጮኛ ቤተሰብ ዛሬ ባገኛቸው የምነግራቸው ሁለተኛውን ግማሽ ነው፦ ዘሩ ብቻውን እግር አያሳብጥም። አፈር ካልነካው ተጋላጩም እግር ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ከሕፃንነቷ ጫማ ያደረገች ልጅ የእናቷን እግር አትወርስም። በሰሜን አፍሪካ ሀገሮችም የነበረው ይህ በሽታ ሰው ጫማ ሲለምድ ጠፍቷል።

ተስፋ የለም ወይ? አለ። ወላይታ ሶዶ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ሞሲ ፉት ማኅበር ቀድሞ ያሳየው ነገር ሰው በቀላል ነገር እንደሚሻለው ነው፦ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት በረኪና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ በልክ የተሰፋ ጫማ። የታመሙት ራሳቸው ሌላውን ያስተምራሉ፣ ጫማም ይሰፋሉ። ወደኛ ቀረብ ሲል በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ጎልቤት የተባለ ጥናት ተደረገ፤ 696 ሕሙማን ተሳተፉበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። እንክብካቤ ያላገኙት በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲነሣባቸው፣ ያገኙት 19.4 ጊዜ ተነሣባቸው። እስቲ ቁጥሩን አስቡት፤ 24 ጊዜ! በወር ሁለቴ ማለት ነው፤ እታለም ስትነግረኝ ታጋንናለች ብዬ አስበው የነበረው። ቅነሳው እውነተኛ ነው፤ ለታመመው ሰው አንድ ቀንም ቀን ነው። ግን ሳሙናና ፋሻ ይዞም 19 ጊዜ የሚነሣበት ሰው ተመልሶ የሚረግጠው ያንኑ አፈር፣ የሚኖረው ያንኑ ወለል ላይ መሆኑን ቁጥሩ ይናገራል።

በእኛው በአዊ ደግሞ ኤንድፖይንት የተባለ ሥራ ተጀመረ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከእንግሊዙ ብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ፣ በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ጀምሮ፣ የአፈሩን ዝሆኔ፣ የትሉን ዝሆኔና የሥጋ ደዌን እንክብካቤ በአንድ ላይ፣ በተራው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ የአእምሮ ጤናንም ጨምሮ ለመስጠት የተሞከረበት ነው። የአእምሮውን ነገር ያሰበው ሰው ይባረክ። እግር ብቻ አይደለም የሚያብጠው። እታለም ለብዙ ዓመት ሰው ቤት ለቅሶ እንኳ የምትደርሰው ሌሊት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀረው የድሃው ቅባትና ፋሻ ነው።

አንድ ጠዋት አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እታለም ቤት መጣች። ልጅ ናት፣ ከሃያ አምስት አትበልጥም። ሳፋ አስመጣች፣ ውሃ ለብ አደረገች፣ መሬት ላይ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች። እታለም እግሯን ሰበሰበች። «ይሸታል ልጄ»። «ይሽተት እትዬ»። በባዶ እጇ የቀኙን ተረከዝ ይዛ ውሃው ውስጥ አስገባችው። እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ልጅቱ በእግር ጣቶቿ መሃል ሳሙናውን እያስገባች ስታጥብ እታለም እግሯን አላየችም፤ የልጅቱን እጅ ነበር የምታየው። ውሃው ቀላ። አፈር ነው።

«ጫማ ያስፈልጋታል» አለችኝ ስትወጣ።

ሲባጎ ወሰድኩ። የእግሯን ርዝመት ለካሁ፣ ቋጠርኩ። ዙሪያውን በጣቶቿ በኩል፣ በመሐሉ፣ በቁርጭምጭሚቷ በኩል ለካሁ፣ ቋጠርኩ። የቀኙን በአንድ ሲባጎ፣ የግራውን በሌላ። ዳንግላ ገበያ ወርጄ ጫማ ሰፊው ፊት አስቀመጥኩለት። ሰውየው ሲባጎውን ዘረጋ፣ ከፎርማዎቹ ጋር አስተያየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ዙሪያችን ሰው ሞልቷል፤ የገበያ ቀን ነው፣ እኩለ ቀን።

«ይኼ የማን እግር ነው?» አለኝ ጮክ ብሎ።

ለአንድ አፍታ ዝም አልኩ። እኔም፣ ይህን ሁሉ ያነበብኩት፣ ዝም አልኩ። ከዚያ «የአክስቴ ነው» አልኩ፤ «ዝሆኔ አለባት»።

ሰውየው አልሸሸም። ሲባጎውን እንደገና ለካ። «በቋጠሮ አይሰፋም፣ ወንድሜ። ቆዳው ሲነካት የት እንደሚያማት እኔ ከዚህ አላውቅም። ራሷ ትምጣ» አለኝ።

ማታ ሄጄ ነገርኳት። ወይራው ይጨሳል። ብዙ ቆየች፤ እምቢ ልትለኝ ነው ብዬ ነበር።

«ጫማ ሰፊው» አለች፣ «ወረፋ የማይበዛበት መቼ ነው?»

«ጠዋት ነው» አልኳት፣ «ገና ገበያው ሲቆም»።

«እንግዲያ በጠዋት እንነሣ» አለች፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሳፋው ወዳለበት ጥግ እየሄደች።